ከእድር ውጡ የተባልን ጊዜ

ከእድር እንድንወጣ የታዘዝነው በአንድ እሑድ ጠዋት፣ መዝሙሩ አልቆ ሰው ሁሉ ላቡን እየጠራረገ ወንበሩ ላይ ሲደላደል ነው። መምህራችን እንደ ሌሎቹ ሰባኪዎች አይጮህም፤ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው። «እድር ከሞት ጋር የተገባ ውል ነው» አለ። «በየወሩ እየሄዳችሁ፣ ድንኳኑንም ወንበሩንም አዘጋጅቼልሃለሁና ና ቤቴ ግባ ትሉታላችሁ። ከዚህ ውል ያልወጣ ቤት በሩ ክፍት ነው።» ከዚያ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እሑድ እያንዳንዳችን ተነስተን፣ ከነቤተሰባችን መውጣታችንን በጉባኤው ፊት እንድንመሰክር አዘዘ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔም አልኩ። አፌ አሜን ይበል እንጂ ሆዴ ያለው እማዬ ነው።

እኛን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የምንሰበሰበው እዚሁ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ስም የለንም። መምህራችን ስም ያለው ነገር ሁሉ ያረጃል ይላል። ከተማው ግን ስም ለማውጣት ማን ብሎት! «የማይሞቱት» ይሉናል። ሊያፌዙብን ነው፣ ግን ከትምህርታችን ብዙም የራቀ አልነበረም። በእውነት ያመነ ሰው ጌታ እስኪመጣ ሞትን አያይም፤ ሞት የሚገባው የፈቀደለት ቤት ብቻ ነው፤ ይሄው ነው ትምህርቱ። ስለዚህ ለቅሶ አንደርስም። የለቅሶ ቤት እህል አንቀምስም። ቃሉን ራሱ አንጠራውም፣ «ያ ነገር» ነው የምንለው። እናቴ ግን እኔም ባደግኩበት በነባሩ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ነው የምታመልከው፤ የእኛን ነገር ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ብቻዋን ትሄድና ልጅሽስ ሲሏት «ስፌት በዝቶባት ነው» ትልልኛለች።

እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ምን ጨመረሽ የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ፍርሃት ነው የጨመረኝ፤ ምን እደብቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እዚያው ሱቁ ውስጥ ዘራፊዎች ገደሉት። በሳጥን ሆኖ መጣልን። ያን ዕለት የእድራችን ሰው በሙሉ ከተማው መግቢያ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ክረምት ነበር፣ የኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ በክረምት መኪና አያስገባም፤ ወንዶቹ ሳጥኑን በትከሻቸው እየተቀባበሉ ጭቃውን ዳገቱን አወጡት። ሴቶቹ እናቴን አንዲት ደቂቃ አልለቀቋትም። አንዷ ውሃ ታጠጣታለች፣ አንዷ ነጠላዋን ትሰበስብላታለች፣ ሌላዋ ዝም ብላ ጀርባዋን ትይዛለች። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ የቤታችን የእድር አባልነት በእናቴ ስም ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ይሄ እድር ለእሷ ሌላ ነገር ሆነ። «ልጄን ተሸክመውልኛል፤ እኔንም ይሸከሙኛል» ትላለች። ይህን ስትል ፊቷ ላይ የሚታየውን ዕረፍት እኔ ቀንቼበት አውቃለሁ።

እኔን ያ ሳጥን አበላሸኝ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትል በራፉ ላይ ቆሜ ትተነፍስ እንደሆነ አያለሁ። ስታስል እደነግጣለሁ፤ ዝም ስትል የባሰ እደነግጣለሁ። ሐኪሙ ልቧ ደከም ብሏል ካለን ወዲህማ ጭራሽ አበድኩ በሉት። ስልክ ሲጠራ እጄ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄ ከተንቀጠቀጠ እንጀራዬ ነው የሚቀረው። አንድ ቀን፣ ከሀቢቾ ድንች በኩንታል እያመጣች የምታከፋፍል ሴት ለልጇ ዩኒፎርም ልታሰፋ መጣች። ልኬቱን ደጋግሜ ስሳሳት አየችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል፤ እሷ ግን ሜትሩን ከእጄ ወስዳ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችና «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ለማላውቃት ሴት፣ መንገድ ዳር፣ እያለቀስኩ ነገርኳት። «አንቺ የምትፈሪው ነገር እኛ ቤት አይገባም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቃል ለተራበ ሰው እንደ ዳቦ ነው። በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።

አሁን እነዚያን ሰዎች እንደ ቂል የሚስላቸው ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ደግ ሰዎች ናቸው። ታምሜ ስተኛ ቤቴን ጠርገው፣ ለእናቴ ቆጮ ጋግረው፣ እኔን አጥበው ነው የሚሄዱት። በሀድይኛም በከምባትኛም እየዘመርን ሰዓቱ ሲያልፍ አይታወቀንም ነበር። ያቺ የሀቢቾ ሴት ደግሞ እህት ሆነችኝ፤ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል፣ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም። ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሰው ተኛሁ። የእናቴን ደረት ማየት ተውኩ። ይህን ሁሉ የሰጡኝን ሰዎች በምን አፌ ነው የምክዳቸው?

የምሰፋው በአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባለሱቁ እኩያዬ የሆነ ጉራጌ ነው፣ ሙስሊም፤ ከእናቴ ጋር የአንድ እድር ሰው ነው። አፉ አያርፍም። «አንቺ አትሞቺም አሉ፣ እውነት ነው?» ይለኛል ደንበኛ ፊት። «እንግዲያው ጨርቁን በዱቤ ውሰጂ፤ ጊዜ አለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትከፍያለሽ።»

«ሂድ ወዲያ! ሥራ ፈት!»

«ኧረ እኔስ መጥቼ እመዘገብ ነበር፣ ሚስቴ እሷም እንዳትገባ ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ።»

እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ያስቃል። የእድሩን ትእዛዝ የሰማ ቀን ግን አልቀለደም። መቀሱን አስቀምጦ «እማማስ?» ብቻ አለኝ። እኔም የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩ፤ ያልሰማሁ ለመምሰል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድራችን ውስጥ ሰው በወኪል አይወጣም። መውጣት የፈለገ አባል በወሩ ስብሰባ ላይ ራሱ ቆሞ፣ በገዛ አፉ፣ ወጥቻለሁ ብሎ መናገር አለበት። አንዴ ከወጣ ደግሞ መመለስ የለም፤ ሰው ሲታመም እየገባ ሲድን እየወጣ እንዳያስቸግር የወጣ ደንብ ነው። አባሏ እናቴ ናት። እንግዲህ መምህራችን ከነቤተሰባችሁ ሲል፣ እኔ ሄጄ እናቴን፣ በዚህ ዓለም የቀረሽን አንድ ነገር ቆመሽ በአፍሽ ጣይልኝ ልላት ነው። ከዚያ ብትሞት ድንኳን የሚተክል የለም፣ ጉድጓድ የሚምስ የለም፣ የሚሸከማት የለም። የኛ አዳራሽ ሰው ለቀብር አይወጣም።

ይህን ላለማሰብ አልቻልኩም። ማሰቡ ራሱ ወንጀል ነበር። መጠራጠር በር መክፈት ነው ብለን ተምረናል፤ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሲጠራጠር ያ ነገር የሚገባው በደካማው ሰው በኩል ነው ይላል መምህራችን። በቤታችን ደካማው ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። እና በተጠራጠርኩ ቁጥር እማዬን በእጄ የገፋኋት ይመስለኛል። ጠዋት ተነስቼ ደህና ሆና ሳያት «ተመስገን፣ ትናንት መጠራጠሬ አልነካትም» እላለሁ፤ እዚያው ቆሜ ደግሞ «ታዲያ ካልነካት ትምህርቱ ውሸት ነው ማለት ነው?» ብዬ አስባለሁ፤ ይሄኛው ሐሳብ ደግሞ ከትናንቱ የባሰ መጠራጠር ነውና መልሼ እርበተበታለሁ። እንዲህ ሆኜ ሰነበትኩ። የአንዱን ተማሪ እጅጌ ከሌላው ተማሪ ደረት ጋር የሰፋሁበት ጊዜ ነው።

በዚያው ወር ዱራሜ ላይ ጉባኤ ነበረን። በሚኒባስ ተጭነን እየዘመርን ሄድን። ከጉባኤው መሃል እረፍት ሲሰጠን ለእናቴ ዝንጅብል ልግዛ ብዬ ወደ ገበያ ወረድኩ። ዝንጅብል የምትሸጠው ሴት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ቀና ብላ አየችኝና ቆየች። «አንቺ የነዚያ ሰዎች አይደለሽም? ሆሳዕና ባሌን ልጠይቅ መጥቼ አይቼሻለሁ» አለችኝ። ባሏ ኪቦርድ ይጫወትልን የነበረው ሰውዬ ነው። ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ተጫውቶ ሲጨርስ ኪቦርዱን እንደ ሕፃን በጨርቅ የሚጠቀልል ሰው ነበር። ሳል ጀምሮት ከሳ፤ ከዚያ ድንገት ቀረ። መምህራችንን ስንጠይቀው «ከእኛ ወጥቷል» አለን፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ተቀይሞ ይሆናል ብዬ ትቼው ነበር።

«ሞተ እኮ» አለችኝ ሴትዮዋ። ቃሉን ሳይቀልድ እንዲህ በግልጽ የሚጠራ ሰው ከሰማሁ ቆይቼ ስለነበር ደነገጥኩ። «ከእናንተ ጋር ስንት ጊዜ ሲጫወት ኖሮ፣ አንድ ሰው እንኳ ብቅ አይልም? አንድ ሰው?»

«ወጥቷል ነው ያሉን» አልኳት።

«የት ይወጣል? አልጋ ላይ ሆኖ መዝሙራችሁን በስልኩ ሲሰማ አይደል የሞተው!» ዝንጅብሉን በንዴት ትመዝናለች። «መምህራችሁ አገልጋዮቹን አስቀድሞ ከእድር ውጡ ብሏቸው ኖሯል። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ተጣላን፣ አኮረፈኝ። እንቢ ባልል ኖሮ ብቻዬን ምን አደርገው ነበር? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አደርገው ነበር?»

ዝንጅብሉን ይዤ፣ ጌታ ያጽናሽ እንኳ ሳልላት ተመለስኩ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሀቢቾዋ እህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ኪቦርድ ተጫዋቹ ሞቷል እኮ» ስላት መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው።

«ወጥቶ ነበር። የወጣ ሰው የእኛ አይደለም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«መቼ ነው የወጣው?»

«ያሳለ ዕለት ነዋ።»

ከዚያ መዝሙሩን ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ መዘመር ጀመረች። እኔ በመስኮቱ የአንጋጫን እንሰት እያየሁ ነገሩ ገባኝ። ከመካከላችን ማንም ሞቶ አያውቅም ስንባል የኖርነው ለካ እውነት ነው! የሚሞት ሰው ሁሉ ሳይሞት ወጥቷል ይባላላ። እኔም ነገ ቢያመኝ፣ ወጥታለች ብለው ወንበሬን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። የሚዘምሩልኝ እነዚሁ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው፣ የሚረሱኝም እነሱው።

አሁን እንግዲህ ውጪ በቃ ትሉ ይሆናል። ወሬው ቀላል ነው! ብወጣና በሳምንቱ እማዬ ብትወድቅስ? ማን ነው ከዚያ በኋላ በኔ ምክንያት አይደለም የሚለኝ? እነሱ እንኳ «በአንቺ ነው» ባይሉኝ እኔው ራሴን እለዋለሁ። ተስፋቸውን ማመን አቅቶኝ፣ እርግማናቸውን ግን አምን ነበር። ከዚህ የባሰ ጣጣ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት እናቴ የክት ቀሚሷን ይዛ መጣችና «ሰፍቶኛል፣ አጥብቢልኝ» አለችኝ። ከስታለች። ወገቧን ይዤ ጨርቁን ስሰበስብ በእጄ የገባው ትርፍ አስፈራኝ። አሁን ልንገራት ብዬ ወሰንኩ። «እማዬ» አልኩ።

«ወይ።»

«ምንም፤ እንዳትንቀሳቀሺ መርፌ አለ ልልሽ ነው።»

«አልተንቀሳቀስኩም እኮ» አለች። ትንሽ ቆይታ «የእድሩ ስብሰባ ሳይደርስ ጨርሺልኝ፤ ሰው ፊት ተንዘላዝዬ እንዳልቆም» አለች። አንጀቴን በላችው። ሌላ ቀን ይሁን ብዬ ተውኩት፤ ሌላውም ቀን እንደዚያው አለፈ።

የሀቢቾዋ እህቴ በየቀኑ በረንዳዬ ላይ ትመላለሳለች። «ነገርሻቸው?»

«ልነግራት ነው።»

«ቀኑ ደረሰ እኮ። እኔ እኅት ሆኜሽ ሳለሁ ከመካከላችን ስትቆረጪ ማየት አልችልም። እኔ ልንገራቸው?»

«እንዳትሞክሪ!» ብዬ ጮህኩ። ባለሱቁ ከውስጥ አንገቱን አወጣ። እሷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የምር ነው፣ ለኔ ብላ ነው የምታለቅሰው። እንዲህ የምትወድሽን ሰው ደግሞ ምን ታደርጊያታለሽ? አቅፌ ሸኘኋት።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ። ልዋሽ። ያን እሑድ ተነስቼ «ከነእናቴ ወጥተናል» እላለሁ፤ እናቴም ምንም ሳታውቅ እድሯ ውስጥ ትኖራለች። አዳራሹንም አላጣም፣ እማዬም ቀባሪ አታጣም። ጉባኤ ፊት መዋሸት ምን እንደሚያስከትል ተምረናል፤ ግን ከሁሉም ትንሹ ክፉ እሱ መሰለኝ። ውሸቱን ልብስ እየሰፋሁ ተለማመድኩት። «ወጥተናል። ከነእናቴ ወጥተናል።» ድምፄ ሳይሰበር ማለት እስክችል ድረስ።

እሑዱ ደረሰ። የእድሩም የወር ስብሰባ በዚያው ቀን ነበር። ስነሳ እናቴ ያጠበብኩላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ የበሩ መቃን አጠገብ ቆማ አገኘኋት። የሷ ቤተ ክርስቲያን ሰዓት ገና ነው። «ምነው በጠዋቱ?» አልኳት።

«እንዲያው» አለች። አየችኝ፤ ቆይታ አየችኝ። «ሂጂ እንግዲህ አንቺም፣ አትዘግዪ። ሰዎችሽ ይጠብቁሻል።» እነዚያን ሰዎች ሰዎችሽ ብላኝ አታውቅም ነበር። ልቤ አንድ ነገር ጠረጠረ፤ ውሸቴን በቃሌ እየደጋገምኩ ስለነበር ግን ጆሮ አልሰጠሁትም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ይመሰክራል። አንድ የትምህርት ቤት መምህር ተነስቶ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ወጥቻለሁ አለ፤ እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። አንዲት ባልቴት ተነሱና «ወጥቻለሁ» ብለው ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ደስ ብሏቸው ይሁን ፈርተው አላወቅኩም። ተራዬ እየቀረበ መጣ። ከጎኔ የተቀመጠችው የሀቢቾዋ እህቴ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ዞር ስል ፊቷ በርቷል።

«አይዞሽ፣ አትፍሪ። ለሰርፕራይዝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አለችኝ ጆሮዬ ላይ። «ትናንት አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ እማማን አነጋገርኳቸው። ልጅዎ በእርስዎ ምክንያት ከወገኖቿ ልትቆረጥ ነው አልኳቸው።»

«ምን አለች?»

«ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ፣ እኔ ነገ ሂያጅ ነኝ፣ እሷ ገና ኗሪ ናት፤ ልጄ ሰው ከምታጣ እኔ ብወጣ ይሻላል አሉኝ። ዛሬ ስብሰባው ላይ ሊወጡ ሄደዋል። ሃሌሉያ በይ እንጂ!»

ተነሳሁ። ተራዬም ደርሶ ኖሮ ሰው ሁሉ ልመሰክር የተነሳሁ መስሎት ፀጥ አለ። መምህራችን ፈገግ ብሎ «እህታችን፣ ተናገሪ» አለኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። በወንበሮቹ መሃል ወደ በሩ መሄድ ጀመርኩ። እሱ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያው እንደ ወትሮው ዝግ ብሎ «እህቴ፣ ይሄን ደጅ ረግጠሽ ከወጣሽ እናትሽን ማን ይጠብቅልሻል?» አለኝ። ወንበር ይዤ ቆምኩ። አንድ ሰው «በኢየሱስ ስም» ብሎ ጮኸ። የሀቢቾዋ እህቴ «ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ?» እያለች ከኋላዬ ትጣራለች። ወጣሁ።

ባጃጅ ይዤ «ንዳው፣ ንዳው!» እለዋለሁ ሹፌሩን። እሱ በጉድጓዱ ውስጥ እየተላጋ «እህት፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» ይለኛል። አንድ ጊዜ እናቴ ስብሰባው መሃል ወድቃ ትታየኛለች፤ በኔ ምክንያት፣ አሁን ደጁን ስለረገጥኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ወጥቻለሁ የሚለውን ቃል ተናግራ ጨርሳ ትታየኛለች። የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ልጸልይ አፌን ስከፍት የማን ጸሎት እንደምጸልይ ጠፋኝ፤ የነሱን ልበል የእናቴን። «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ብቻ እያልኩ ደረስኩ።

እድራችን የሚሰበሰበው በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ዝግባ ዛፍ ሥር ነው። ሰው አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተደርድሯል። እናቴ መሃል ቆማለች፤ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጇ ይዛ። አልወደቀችም። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ማንም አላየኝም።

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው፤ የወንድሜንም ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። በሀድይኛ ጀምረው፣ ጉራጌዎቹም እንዲሰሙ ብለው ወደ አማርኛ መለሱት።

«ምን አጠፋንብሽ እህቴ?»

«ምንም አላጠፋችሁም» አለች እናቴ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ልጄን ቀብራችሁልኛል። ጌታ ይክፈላችሁ።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

«የቀረችኝ አንዲት ልጅ ናት። የያዘችው እምነት አይፈቅድም አሉኝ። እኔ እድር ውስጥ ካለሁ እሷ ከሰዎቿ ትለያለች አሉ። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ስትፈራ እንደኖረች እኔ አውቃለሁ፤ ተኝቻለሁ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። አሁን ተኝታ ታድራለች። እኔ ስሄድ ብቻዋን እንዳትቀር ነው።»

ባለሱቁ መሬት መሬት ያያል፤ ያ አፉ የማያርፈው ሰውዬ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አላደረጉትም።

«ይሁን» አሉ። «ደንቡም ይፈቅዳል፣ ማንም በግድ አይያዝም። ግን ወጥቻለሁ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀኑ ሲደርስ ማን ይሸከምሻል?»

እናቴ ምንም አላመነታችም። ቀና ብላ፣ ያጠበብኩላት ቀሚስ ቀጥ ብሎላት፣ ኩራት ባለው ድምፅ፣ «ልጄ ትሸከመኛለች» አለች።

ማንም አልሳቀም። የሳቀ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። አንዲት ልጅ፣ ብቻዋን፣ በዚያ ዳገት፣ እናቷን። እናቴ ይህን የምታውቅ ሴት ናት፤ ሬሳ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ስንት ትከሻ እንደሚፈልግ ታውቃለች። እያወቀች ነው እንደዚያ ያለችው።

«አልችልም!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ዞረ። እናቴም ዞረች፤ ስታየኝ ተቆጣች፣ «አንቺ ደግሞ ማን ጠራሽ? ሂጂ ወደ ሰዎችሽ!» አለችኝ። እኔ ግን ቃሉ አንዴ ካመለጠኝ ማቆም አቃተኝ፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅኩ፣ «አልችልም እማዬ፣ ብቻዬን አልችልም፣ እኔ ብቻዬን አልችልሽም» እላለሁ።

ሴቶቹ ወንበሩ ላይ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ። ዳኛው መነጽራቸውን መለሱና፣ ቆጣ ብለው፣ «ማን ትችያለሽ አለሽ?» አሉኝ። «ነይ ተቀመጪ።»